«ዕድሜ ይስጥህ» ስንል ምን መለመናችን ነው?

በሀገራችን ምርቃት ውስጥ እንደ «ዕድሜ ይስጥህ» በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ የለም። ውሃ ያቀበለ ልጅም፣ ዕቃ የተሸከመ ጎረምሳም፣ ሽማግሌ የዘየረ ጎረቤትም ይህንኑ ተመርቆ ይሄዳል። «አሚን» እንላለን፤ በምን ላይ አሚን እንዳልን ግን እምብዛም አናስብም። ረጅም ዕድሜ ማለት እኮ ከእኩዮች በኋላ መቅረት ነው። ወላጅን፣ ወንድምን፣ የትዳር ጓደኛን፣ አልፎ ተርፎም ልጅን ቀብሮ መኖር ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ሕይወቴ መልካም ነበረች፤ አልሐምዱሊላህ» ሲል ከልቡ ነው? ወይስ አፉ የለመደውን መድገሙ ነው?

ጥያቄውን ያነሱብኝ በመርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ አካባቢ፣ ዘመናቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የበኩር ልጃቸው በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ባለቤታቸውን ከቀበሩም ቆይተዋል። ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ «አላህ ያልሰጠኝ ምን አለ? ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ» አሉኝ። እኔም ትምህርት ያስለመደኝን ጥርጣሬ ይዤ፣ በልቤ «ሐዘኑ አደንዝዟቸው ይሆናል» አልኩ። በአፌ አላወጣሁትም፤ ፊቴ ግን ሳያሳብቅብኝ አልቀረም። «አንተ ገና ልጅ ነህ» ብለው ሻይ አስመጡልኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ አነስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ኡሙ ሱለይም እርሳቸውን እንዲያገለግል ሰጠቻቸው፤ ዱዓ እንዲያደርጉለትም ለመነቻቸው። ሀብቱንና ልጆቹን እንዲያበዛለት፣ ዕድሜውን እንዲያረዝምለት፣ ኃጢአቱንም እንዲምረው አላህን ለመኑለት። አሥር ዓመት አገለገላቸው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን እንዳልተቆጡት እርሱ ራሱ መስክሯል። አንድ ጊዜ ተልኮ ሲወጣ በገበያ ከሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ቆመና መልእክቱን አዘገየ። ከኋላው ማጅራቱን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ዞሮ ሲያይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየሳቁ ቆመዋል። ልጅነቱ ይህ ነበር። ከዚያም በሃያ ዓመቱ እርሳቸው ወደ አኺራ ሄዱ። መዲና የገቡበት ዕለት ሁሉ ነገር እንደበራ፣ የሞቱበት ዕለት ደግሞ ሁሉ ነገር እንደጨለመ የነገረን አነስ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ የሕይወቱ ምርጥ ዘመን በሃያ ዓመቱ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ኖረ። ዱዓው ግን አንድም ሳይቀር ተፈጸመ። የአትክልት ቦታው በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራ ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ መቶ ገደማ ደረሱ። በስተርጅናው ታዲያ የተመለሰለትን ዱዓ ሲቆጥር የተናገረው፣ ኢማም ቡኻሪ «አል-አደብ አል-ሙፍረድ» በተሰኘው ኪታባቸው እንዳሰፈሩት፣ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከዘሩ 103 መቅበሩን፣ ፍሬው በዓመት ሁለት ጊዜ መሰብሰቡን፣ ከሰው እስኪያፍር ድረስ ዕድሜው መርዘሙን ይናገራል፤ የቀረውንም ምሕረት ተስፋ ያደርጋል። በሌላ ዘገባ የተቀበሩት ከ120 ይበልጣሉ።

የቀበራቸውን የቆጠራቸው ከስጦታው ጋር ነው! እኔና መሰሎቼ ብንሆን ሁለት መዝገብ እንከፍታለን፤ በአንዱ የተሰጠንን፣ በሌላው የተወሰደብንን እንጽፍና በመጨረሻ አቀናንሰን «ደስተኛ ነበርኩ» ወይም «አልነበርኩም» እንላለን። የግሪኩ ሶሎንም የሰው መጨረሻው ሳይታይ ደስተኛ ሊባል እንደማይገባው ለንጉሥ ክሮይሶስ መናገሩን ሄሮዶቱስ ጽፏል፤ እርሱም ቢሆን ሒሳቡ እስኪዘጋ መጠበቁ ነው። አነስ ዘንድ ግን መዝገቡ አንድ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው አስቀድሞ ልጅ ተሰጥቶት ነበር። ሞቱ ስጦታውን አልተሰጠም አያሰኘውም።

ይህን ለመናገር ቀላል ነው፤ ልጁን ላልቀበረ ለእኔ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ ብዙ አልገፋበትም። አንድ ነገር ግን ማንሳት ግድ ይለኛል። «ሹክር ማለት ዝም ማለት ነው፤ የተበደለም አመስግኖ ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ያልተበደሉት ናቸው። አነስ እንዲህ አልነበረም። ሐጃጅ ኢብን ዩሱፍ ይህን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ለማዋረድ በአንገቱ ላይ ማኅተም እንዳሰረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። አነስም ለኸሊፋው ለዐብዱልመሊክ አቤቱታ ጻፈ፤ ኸሊፋውም ሐጃጅን ገሠጸው። ደማስቆ በሄደ ጊዜም ሲያለቅስ ተገኝቷል። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ከሚያውቀው ነገር ሶላት ብቻ እንደቀረ፣ እርሷም እንደባከነች ተናገረ። አመስጋኝ ሰው አቤት ብሏል፤ አልቅሷልም። ሹክሩ ዓይኑን አልጋረደበትም፤ እንዲያውም ምን እንደጠፋ አጥርቶ ያወቀው ምን እንደተሰጠው ስለሚያውቅ ነው።

ኢማም ጘዛሊ በ«ኢሕያእ» ሹክርን ሲተነትኑ ዕውቀት፣ የልብ ሁኔታና ሥራ ብለው ይከፍሉታል። ንጉሥ ፈረስ የሰጠውን ሰው በምሳሌ ያመጣሉ፤ አንዱ በፈረሱ ይደሰታል፣ ሌላው ንጉሡ ስላሰበው ይደሰታል፣ ሦስተኛው ግን ፈረሱን ጋልቦ ንጉሡን ሊያገለግልና ወደ እርሱ ሊቀርብ ስለቻለ ይደሰታል። የመጀመሪያው ፈረሱ የሞተበት ቀን ደስታው አብሮ ይሞታል። አነስን ከሦስተኛው ወገን የማስበው በሥራው ነው። በእነዚያ ሰማንያ ዓመታት በልጅነቱ ያየውንና የሰማውን ለሰው ሲያካፍል ኖረ፤ በስሙ የተዘገቡት ሐዲሶች 2,286 ይደርሳሉ። አለመቆጣታቸውን፣ ሳቃቸውን፣ የሚወዱትን ምግብ ሳይቀር የነገረን ያ የአሥር ዓመት አገልጋይ ነው።

በቀደም ወደ እኚያ አዛውንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ስለ ልጃቸው እንዲያወሩኝ ለመንኳቸው፤ ስለ መጥፋቱ ሳይሆን ስለ ልጁ። ከዙህር እስከ ዐስር አወሩልኝ። መኪናው ሥር ተኝቶ የጨርቅ ቁራጭ እየለቀመ ለእህቱ አሻንጉሊት ይሠራላት እንደነበር፣ ቁርኣን ሲቀራ አንዲት አንቀጽ ላይ ሁልጊዜ እንደሚሳሳት፣ እርሳቸውም ሆን ብለው እርሷኑ ያስደግሙት እንደነበር ነገሩኝ። ይስቁ ነበር። ዓይናቸውም እርጥብ ነበር። የደነዘዘ ሰው እንዲህ አያስታውስም።

አነስ (ረ.ዐ) በ93ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ በበስራ አረፈ፤ በዚያች ከተማ ከሶሀባዎች የመጨረሻው ሟች እርሱ ነው ይባላል። እናቱ ኡሙ ሱለይም በሕይወት ሳለች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤቷ የቀትር እንቅልፍ ሲተኙ ላባቸውን በብልቃጥ እየሰበሰበች ከሽቶ ጋር ትቀላቅለው ነበር። አነስ ሞት ሲቀርበው ከዚያ ሽቶ ለከፈኑ በሚሆነው ሽቶ ውስጥ እንዲጨመርለት ተናዘዘ። ጨመሩለት።