የካውያው ስም

ፖርቱጋሎች ካውያን «ፌሩ ደ ኤንጎማር» ይሉታል። «ፌሩ» ብረት ነው። «ኤንጎማር» ደግሞ «ጎማ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ ልብስን አሚዶ መንከር ማለት ነው። (የኛ የመኪና ጎማ በጣልያኖች በኩል ይምጣ እንጂ የዚያው ቃል ዘመድ ነው።) እንግዲህ ዛሬ ሸሚዙን አሚዶ የሚነክር ስንት ሰው አለ? አሚዶው ተረሳ፤ ስሙ ግን ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ብራዚሎች በአብዛኛው «ፌሩ ደ ፓሳር» ነው የሚሉት፤ ልብስ ላይ የሚያልፍ ብረት እንደማለት።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ቃሉ የዋለበት ቦታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሪዮ ዴ ጄኔይሮ ጋዜጦች ባሪያ የሚሸጥበትና የሚከራይበት ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ሴቲቱ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማብሰል እንደምትችል ይጻፍላታል። «ኤንጎማር» እዚያ ላይ ሙያ ነው፤ ዋጋ የሚጨምር ሙያ። ዋጋው የሚገባው ግን ለጌታዋ ነው። በዚያ ሙቀት ፍም የሞላበትን ከባድ ብረት የምትገፋው እሷ ናት።

የኤሌክትሪክ ካውያ በኒውዮርኩ ሄንሪ ሲሊ ስም የተመዘገበው እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር በ1882 ነው። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው ከዚያ 6 ዓመት ዘግይታ፣ በ1888 ነው። ከዚያ በኋላስ? በ1943 የወጣው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አላካተተም። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 44 ሰዓት የሚለው ገደብ የደረሳቸው በ2013 በወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ቁጠሩት፤ ከ1888 ጀምሮ 125 ዓመት!

ቤት ፋብሪካ አይደለም፣ ሠራተኛዋም እንደ ልጃችን ናት የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አባባል እኛም አገር በደንብ አውቀዋለሁ። እስቲ እንየው፦ ልጅ ሲደክማት ካውያውን አስቀምጣ ትተኛለች፤ ማንንም አታስፈቅድም። ልጅ ትወርሳለች። ሠራተኛዋ ልጅ የምትሆነው ሰዓቷና ደመወዟ ሲነሳ ብቻ ከሆነ፣ ፍቅር ነው የምንለው ነገር ሒሳብ ማምለጫ ነው።

የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወጣለታል ይላል። ማታ ካውያው ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይነሳ ግን በብዙ ቤት የሚወስነው ነገ ሸሚዙን የሚለብሰው ሰው ነው።