የተጣበቀው መረግድ

ሰው ሐሰት በመናገሩ ያፍራል፤ እውነትን ይዞ ዝም በማለቱ ግን የሚያፍር ጥቂት ነው። ዋሽተሃል ቢሉት፥ «አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም» ብሎ ይምላል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እኔም እንዲህ ብዬ ልምልበት የምችል አንድ ነገር በሕይወቴ ስላለ፥ ዝምታ ሐሰት የሚሆነው መቼ እንደ ሆነ ከአንተ ጋራ ልመረምር እወዳለሁ።

እኔ የከበሩ ማዕድናትን እሰበስባለሁ። ጌጥ ሠሪ ድንጋዩን ቈርጦና ሞርዶ ለቀለበት ያበጀዋል፤ ሰብሳቢ ግን ከምድር እንደ ወጣ፥ ከነማዕዘኑ፥ ቢቻልም ከበቀለበት አለት ሳይነጠል ሊያየው ይሻል። ስለዚህ በያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ትንሽ ካርድ እናኖራለን፤ በካርዱም ላይ የድንጋዩ ስምና የተገኘበት ስፍራ ይጻፋል። የወጣበት ስፍራ ያልታወቀ ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር በሰብሳቢ ዘንድ ክብሩ ይጐድላል።

ካሉኝ ሁሉ አብልጬ የምወደው ከጉጂ ምድር፥ ከሻኪሶ አካባቢ የወጣ መረግድ ነበረ፤ ዛሬ ብዙዎች ኤመራልድ ይሉታል። የዚያ አገር መረግድ በዓለም ገበያ ስሙ መሰማት የጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ገደማ ነው። መረግድ የሚወለደው እምብዛም የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ቤሪሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከአንድ ዓይነት አለት፥ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው ክሮሚየም ደግሞ ከሌላ ዓይነት አለት ይመጣሉ። የእኔው ስድስት ጐን ያለው፥ አውራ ጣት የሚያህል ዓምድ ሆኖ፥ በሚያብለጨልጭ ጥቁር ሚካ ላይ ቆሞ ነበር።

መረግድ ቢላዋ የማይጭረው ጠንካራ ሲሆን፥ ሲወድቅ ግን በቀላሉ ይሰበራል። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ ከእጄ አምልጦ ወደቀና ዓምዱ ከሥሩ ተነቀለ። በሙጫ አጣበቅሁት፤ የመጋጠሚያውንም መሥመር የሚካ ትቢያ ነስንሼ ሸፈንሁት። ስብራቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፥ መሰብሰብን ገና የጀመረ አንድ ጐረምሳ ከደመወዙ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጣ። ድንጋዩን አገላብጦ አየና፥ «ጋሼ፥ ከነአለቱ እንዲሁ የወጣ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንደምታየው ነው» አልሁት። ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠኝ፤ ድንጋዩንም በጥጥ ጠቅልሎ ደስ እያለው ሄደ።

በዚያ ሌሊት ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ተከራከርሁ። መረግዱ እውነተኛ ነው፤ አለቱም የገዛ አለቱ ነው፤ ዓምዱም የተመለሰው ወደ ነበረበት ቦታ ነው፤ ገዥም ዐይን አለው። ክርክሬ መልካም ይመስል ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ረታኝ። ስብራቱ የማይረባ ነገር ከሆነ፥ የሚካውን ትቢያ ስለ ምን ነሰነስሁ?

ያን ጊዜ ረኔ ዡስት አዊ የተባለው ፈረንሳዊ ቄስ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው በወዳጁ ቤት ሳለ ካልሳይት የሚባል ድንጋይ ከእጁ ወድቆ እንደ ተሰበረበት ይተረካል። እርሱ ግን ስብርባሪውን አተኵሮ ተመለከተው፤ የተሰበረበትም ገጽ ለስላሳና የተስተካከለ ሆኖ አገኘው። ወደ ቤቱም ተመልሶ የገዛ ራሱን ካልሳይቶች እየሰበረ ቢመረምር፥ በውጭ መልካቸው ልዩ ልዩ የነበሩት ሁሉ ሲሰበሩ አንድ ዓይነት ቅርጽ፥ ዘመም ያለ ሣጥን የመሰለ፥ ሰጡት። ከዚህም ተነሥቶ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1784 ስለ ክሪስታሎች አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም ድንጋይ ሰበረ፥ እኔም ሰበርሁ፤ እርሱ ስብራቱን አይቶ አንድ ዕውቀት ለዓለም ሰጠ፥ እኔ ግን ስብራቱን ሸፍኜ የአንድ ልጅ ደመወዝ ወሰድሁ።

በማግሥቱ ሄጄ ሁሉን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ «ትናንት ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ገንዘቡን ተቀበለ፤ ድንጋዩንም መለሰልኝ።

እንግዲህ ዝምታ ሁሉ ሐሰት አይደለም። የባልንጀራህን ምሥጢር ብትጠብቅ፥ የሰውን ነውር ባታወራ፥ ዝምታህ ደግነት ነው። ነገር ግን ሌላው ሰው ቢያውቀው ሐሳቡን እንደሚለውጥ እያወቅህ፥ ለራስህ ጥቅም ብለህ ዝም ብትል፥ ያ ዝምታ ሐሰት ነው፤ ቃላቱ አንድ በአንድ እውነት ቢሆኑም ሐሰት ነው። በእኛ በሰብሳቢዎች ዘንድ ስብራትን መጠገን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጥገናውን በካርዱ ላይ አለመጻፍ ነው።

መረግዱ ዛሬም በጠረጴዛዬ ላይ አለ። በካርዱ ላይ ከሻኪሶ ስም በታች፥ «ወድቆ ተሰብሮ ተጣብቋል» ብዬ በእጄ ጽፌአለሁ። ያ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሻይ እንጠጣለን፥ ስለ ድንጋይም እንጫወታለን። አዲስ ነገር ባሳየሁት ጊዜ ግን፥ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ የድንጋዩን ሥር ይመረምራል። አልቀየመውም፤ ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝና።