አልቅት ጥፋተኛ ነውን?

በወረኢሉና በቦረና ደጋ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ አልቅትን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በበጋ ጅረቱ መንምኖ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቆም፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ከብትም ሆነ ሰው ክር የሚያክል አልቅት ከውሃው ጋር ሊያስገባ ይችላል። የዚህ አልቅት መንጋጋ ደካማ በመሆኑ ቆዳን መብሳት አይሆንለትም፤ ስለዚህ በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ ባለው ስስ ገላ ላይ ተጣብቆ ደም እየመጠጠ ያድጋል። ገበሬውም በሬው በአፍንጫው ሲደማ ባየ ጊዜ ትምባሆ በጥብጦ ያፈስለታል።

በሌላው ላብ የሚኖረውን ሰው ቋንቋችን «አልቅት» ያለው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው። ምሳሌው የተዋጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ እውነት ነውን? ወዴትስ ያደርሰናል?

አልቅት ደም የሚመጠው ተፈጥሮ ሌላ መኖሪያ ስላልሰጠችው ነው፤ ለልጅ ልጁ የሚያከማችበት ጎተራም የለውም። ከጭሰኛው ምርት ድርሻ ይቀበል የነበረው ባለመሬት ግን ተፈጥሮ ያስገደደችው አልነበረም። ሕግና ልማድ በፈቀዱለት መብት የተጠቀመ፣ ሊመርጥ ይችል የነበረ፣ ስለዚህም ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ነበር። ይህን ግንኙነት የሻረውም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እንጂ ስድብ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል የመፈክር ቃል ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ተገደለ። አልቅት ተነቅሎ ይጣላል እንጂ ለፍርድ አይቀርብም። እንግዲህ ሰውን አልቅት ያልን ዕለት፣ የመከሰስና የመከራከር መብቱን ከስሙ ጋር አብረን ነጠቅነው ማለት ነው። ቃሉ በዳዩንም ከኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል፤ አልቅት ከሆነ ከመምጠጥ በቀር ምን ሊያደርግ ኖሯል?

አልቅት ራሱም ቢሆን ጎጂ ብቻ አይደለም። ጆን ሄይክራፍት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1884 የሕክምና አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር እንዳለው ገለጸ። የተቆረጠ ጣት መልሰው የሚሰፉ ሐኪሞች ዛሬም በሰፉት አካል ውስጥ የታቆረውን ደም በአልቅት ያስመጥጣሉ። ጉሮሮ ውስጥ ጠላት የሆነው፣ ባለሙያ እጅ ላይ ረዳት ነው። ልዩነቱ ያለው በቦታውና በግንኙነቱ ላይ ነው።

ብልህ መንደር አልቅት ገባብኝ ብሎ ጅረቱን አያደርቅም። ምንጩን ያጎለብታል፤ ለከብቱ ገንዳ ይሠራል፤ የሰውን መጠጥ ከከብቱ ይለያል። ኅብረተሰብም ብዝበዛን ሊያስቀር ከፈለገ መንገዱ ይኸው ነው፤ ብዝበዛን የሚፈቅደውን ሥርዓት ያስተካክል፣ በዳዩን በሥራው ይክሰስ፤ ሰውነቱን ግን አይካድ። ስለ ፍትሕ የሚጽፍ፣ የሚያስተምርና የሚናገር ሁሉ ሰውን በሌላ ስም ከመጥራቱ በፊት ይህን ያስብ።