ውለታ ሲለመድ

የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ከግዴታ ያለፈ ነው፤ ሠራተኛው ቢሠራው ይከፈለዋል፣ ቢተወው አይከሰስም። አንድ የአውሮፕላን አብራሪ የዕረፍት ቀኑን ከልጆቹ ጋር ማሳለፍ መርጦ ተጨማሪ በረራ አልወስድም ቢል ጥፋተኛ የሚለው የለም። ይህንኑ ቃል ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶዎች ቢናገሩትስ? ለአንዱ መብት የሆነው ነገር ብዙዎች ሲያደርጉት በደል ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄው በአሜሪካ በተግባር ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2000 ክረምት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በአዲስ የኅብረት ስምምነት ላይ ሲደራደሩ፣ ብዙዎቹ የትርፍ ሰዓት በረራ አንቀበልም አሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ፤ በነሐሴ መጨረሻም ኩባንያው ከፍተኛ የደመወዝ ጭማሪ ለመስጠት ተስማማ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የዴልታ አብራሪዎች በተመሳሳይ መንገድ ሲሄዱ ኩባንያው ፍርድ ቤት አቆማቸው። የሥር ዳኛው እግድ አልሰጥም ቢሉም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጥር 2001 ውሳኔያቸውን ሻረ። በ1926 ለባቡር ሠራተኞች የወጣውና በ1936 አየር መንገዶችን እንዲያካትት የተደረገው ሕግ፣ ድርድሩ እስኪያልቅ ሁለቱም ወገኖች ነባሩን ሁኔታ እንዲጠብቁ ያዛልና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው፣ ተመካክረው ሲያደርጉት ተከለከለ።

ፍርዱ ምክንያት አልጠፋውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ተረቱ ግን በድሩና በአንበሳው መካከል ስለሚያዘው አይናገርም። ወደ ቀብር የሚገሰግሰው መንገደኛ የክርክሩ ወገን አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ይሁንና የኩባንያውም እጅ ንጹሕ አይደለም። የበረራ ሰሌዳውን በሰዎች የዕረፍት ቀን ላይ የሠራ አሠሪ፣ ሥራው ከሚጠይቀው ያነሰ ሰው ቀጥሮ ጉድለቱን በበጎ ፈቃድ ሲሞላ ኖሯል። ውለታ ሲለመድ ዕዳ ይመስላል፤ የቀረበት ሰውም የራሱን እንደተቀማ ይጮኻል። ያለ ትርፍ ሰዓት የማይንቀሳቀስ ሥራ ላይ ያለው ትርፍ ሰዓት፣ ትርፍ መሆኑ ቀርቶ ዋናው ሥራ ሆኗል፤ በግልጽ ተቆጥሮ ከውሉ ሊገባ ይገባዋል።

ሠራተኛውም በበኩሉ አንድ ዕዳ አለበት፤ እርሱም እውነት መናገር ነው። በኅብረት ተወስኖ «እያንዳንዱ በግሉ ደክሞታል» የሚባል እምቢታ፣ የማኅበርን ኃይል ከግለሰብ ነፃነት ጀርባ ይሸሽጋል፤ የጋራውን ጥቅም ወስዶ የጋራውን ኃላፊነት ይገፋል። በኅዳር 2022 የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች፣ በተለይ ስለ ጡረታ ቁጠባቸው መዋጮ ተሟግተው፣ የፍርድ ቤት እግድን ተላልፈው አድማ መቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞች ተጉላሉ፤ ከቀናት በኋላም አብራሪዎቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ሥራ ተመለሱ። ድርጊታቸውን የሚነቅፍ ምክንያት አያጣም። ነገር ግን አድማውን አድማ ብለውታልና፣ መንገደኛውም ዳኛውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር።

ነገሩ ለአብራሪ ብቻ የቀረበ አይደለም። ተረኛ ያልሆነች ነርስ «ዛሬን ብቻ» ተብላ በተጠራች ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይነሣል። አሠሪው የሚጠይቀው ውለታ ከሆነ፣ እምቢታን ያለ ቂም መቀበል አለበት፤ ግዴታ ከሆነም በውል ጽፎ ዋጋውን ይክፈል።