ቱናው ውስጥ የደበቅኩት ክኒን

ዳማ የምትባል ድመት አለችኝ። ባለፈው ሁዳዴ ጉንፋን ያዛት። ዓይኗ አለቀሰ፣ አፍንጫዋ ተዘጋ፤ ምግብ ማሽተት ሲያቅታት መብላትም ቀነሰች። የእንስሳት ሐኪሙ አያትና ዶክሲሳይክሊን አዘዘላት፤ ለ10 ቀን፣ በቀን አንዴ፣ የክኒን ሩብ። «ለመስጠት ቀላሉ መንገድ ምንድነው?» አልኩት። ሳቀ። «ለማን የሚቀለው? ለአንቺ ነው ለእሷ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅኩ።

የመጀመሪያ ቀን ሳምባ ውስጥ ደበቅኩት። ሥጋ ቤቱ ለጾሙ ዘግቶ ነበርና ፍሪጅ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ቁራጭ ነበረች። ዳማ ሳምባውን ጥርግ አድርጋ በላች። ክኒኑን ግን ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚለቀም ለይታ ሳህኑ ላይ ተወችልኝ።

ጎረቤታችን እትዬ «ወተት ውስጥ በጥብጠሽ ስጫት» አሉኝ። ሐኪሙ ጋ ስደውል ከለከለኝ፤ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ስኳርስ? ድመት ጣፋጭ አይገባትም። የጣፋጭን ጣዕም እንድትለይ የሚያደርገው ዘረመሏ እንደማይሠራ ተመራማሪዎች በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳይተዋል። መራራ ግን በደንብ ይገባታል። ይህን ሁሉ ሰምቼም በሁለተኛው ቀን ክኒኑን ፈጭቼ ከቱና ጋር አሸሁት። አንዴ ላሰች፣ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ራሷን እያራገፈች ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ዞራ ሳህኑን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ማታ ምንም ያልገባበት ንጹህ ቱና ሳቀርብላት አሽታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ፎጣ አመጣሁ። ሐኪሙ እንዳሳየኝ፣ ጭንቅላቷ ብቻ እንዲቀር አድርጌ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኳት። ጭንቅላቷን ቀና አድርጌ፣ አፏን በጣቴ ከፍቼ፣ ክኒኑን ምላሷ ሥር ጣልኩት። ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ እያልኩ በአፏ ጎን አስከተልኩ። ይቺ ውሃ መዘንጋት የለባትም። ክኒን በደረቁ ሲዋጥ የድመት ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከቀረ ያቃጥላል፣ ቁስሉ ሲድን ጉሮሮውን ሊያጠበው ይችላል። ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እየተራገመች (እርግማን ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ) አልጋ ሥር ገባች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ ጭኔ ላይ ተኛች።

የገረመኝ ይሄ ነው። ጉልበት ስጠቀምባት ይቅር አለችኝ፣ ሳታልላት አላለችኝም። እርግጥ ሳይንሱን አውቀዋለሁ፤ መራራውን ጣዕም ከቱናው ጋር አያያዘችው እንጂ «ከዳችኝ» ብላ አላሰበችም። ለድመት መዋሸት ይቻላል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ክኒን በምግብ ተደብቆላት ደስ ብሏት የምትውጥ ድመት ካለችሽ ደብቂላት፣ ማንም አልተጎዳም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ድመቷ አይደለችም። «ቀላል» ያልኩት ነገር ሁሉ ለእኔ የሚቀል መሆኑ ነው። ስደብቅ ፊቷን ማየት አይጠበቅብኝም። በፎጣው ግን ዓይን ለዓይን ነን።

ይሄን ነገር ድሮም አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አባዬ ታመመ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የነገረው ለእኛ ነበር። እዚያው ቆመን ተማከርን፤ «ከሰማ ልቡ ይሰበራል፣ ተስፋ ቆርጦ ይሞትብናል» ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ክኒኑን ከካርቶኑ አውጥተን የቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ጨመርነው። የመስጠቱ ሥራ የእኔ ነበር። አንድ ቀን መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ልጄ፣ ይሄ የምን ነው?» አለኝ። «ቫይታሚን ነዋ አባዬ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ዋጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ክኒኑ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሥራዬም፣ ስለ ምንም።

ታላቅ ወንድሙን ለማየት መንዝ ልሂድ ይል ነበር። «ሲሻልህ እንወስድሃለን» እንለዋለን። እንደማይሻለው እያወቅን። ሳይሄድ ሞተ።

«ባህላችን ነው» የሚሉኝ አሉ፤ መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም ይላሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ግን መርዶን ልብ ብላችሁ እዩት። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፣ ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዋል፣ በማለዳ ሰው ከብቦት ይነገረዋል። ዝምታው የሚቆየው ሰውዬው ብቻውን እንዳይሰማ ነው፣ መጨረሻው መንገር ነው። የእኛ ዝምታ መጨረሻ አልነበረውም። አባዬ ደግሞ አውቆት ከነበረ ብቻውን ነው ያወቀው።

ካንት በ1797 በጻፈው ጽሑፍ፣ ጓደኛህን ሊገድል የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢጠይቅህ እንኳ አትዋሽ ይላል። እዚህ ላይ አልከተለውም፤ እኔ ብሆን እዋሻለሁ፣ ደግሜም እዋሻለሁ። ስለ እንስሳት ግን ያለው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በእንስሳ ላይ መጨከን የለመደ ሰው ለሰውም ልቡ ይደነድናል የሚል ስጋት ነበረው። የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ላይ ተለማምጄ ነው ድመት ላይ የደረስኩት።

አባዬን በፎጣ መጠቅለል ነበረብኝ እያልኩ አይደለም። ሰው ከድመት የሚለየው እዚህ ጋ ነው፤ ለዳማ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያላት፣ መታለል ወይም መያዝ። ለአባዬ ሦስተኛ ነበረው። «ይሄ የምን ነው?» ሲለኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ማለት እችል ነበር። ምናልባት «ተይው ልጄ፣ አልፈልግም» ይለኝ ነበር። እሱም መልስ ነው፤ የራሱ መልስ። እኛ እንዳይጨነቅ ብለን የደበቅነውን ያህል፣ እያለቀሰ እንዳናየው ብለንም ደብቀናል። ሁለተኛውን ምክንያት ኮሪደሩ ላይ ማንም አላነሳውም።

የዳማ 10 ቀን አለቀ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ፎጣውን ስታይ መሸሽ ትታ ነበር፤ ጆሮዋን አጥፋ ትጠብቀኝና ውሃውን ስትውጥ ትፈታለች። ዓይኗ ጠራ፣ አፍንጫዋ ተከፈተ፣ ሳምባም ተመልሶ መጣ። ቱና ግን እስከ ዛሬ ከእጄ አትበላም። እማዬ ስትሰጣት ትበላለች።