የማይታየውን በዱካው ስለ ማወቅ

ከብቸናና ከሞጣ ደጋ በታች ዓባይ በቈረጠው ሸለቆ፣ ይልቁንም ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚወስደው ቍልቍለት፣ መንገደኛ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልፎ ሲወርድ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚህ ስፍራ ባሕር እንደ ነበረ የሚመሰክረውን፣ አንታሎ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ ያገኛል፤ በታችኛው ክፍሉም ጭቃውን ምሰው ያለፉ ደቃቃን ፍጥረታት ጉድጓድ ተቀርጾ ይታያል። አካሉ የጠፋ ፍጥረት በግብሩ ብቻ ይታወቃልን?

ቅርፊትን ማዕበል ከሩቅ ሊያመጣው ይችላል፤ ጉድጓድ ግን ከተማሰበት ስለማይነቃነቅ፣ ስለ ቦታው ከቅርፊት ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። ቀጥ ብሎ የወረደው ብዙውን ጊዜ ሞገድ የሚያናውጠውን አሸዋማ ጠረፍ፣ በንጣፉ ላይ የሚጠማዘዘው ዱካ ደግሞ ምግብ የሰፈረበትን ጸጥተኛ ውሃ ይናገራል፤ አንዳች ያላወከው ስስ ንጣፍ ሲገኝም አየር ያነሰው ወይም ጨው የበዛበት ውሃ ይጠረጠራል። ከኖራው በታች ያለው የጎሐ ጽዮን ጄሶም ባሕሩ እየተነነ ጨው የከበደበትን ዘመን ያስረዳል።

ነገር ግን ዱካ ግብርን እንጂ ስምን አይገልጥም፤ አንድ ፍጥረት ልዩ ልዩ ዱካ፣ ልዩ ልዩ ፍጥረታትም አንድ ዓይነት ዱካ ይተዋሉና። በብቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚማር ደቀ መዝሙር፣ ባሕርዩ የማይመረመር አምላክ በሥራው እንደሚታወቅ የሚያምን ነውና፣ በዚህ ገደል ፊት ቢቆም፣ ከሥራ ወደ ሠሪ የሚወጣው ዕውቀት ወሰኑ እስከ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው ይመስለኛል።