አላፊ ተመልካች ምን ዕዳ አለበት?

ውበትን አይቶ መደሰት ከሰው ልጅ ባሕርያት አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም። አከራካሪው ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚያይ ዐይን ለሚታየው ነገር ተጠያቂ ነውን? የሚለው ጥያቄ ነው። ተራራ በመታየቱ አያንስም፣ ባሕርም በመታየቱ አይጎድልም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አባባሉ በወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት እውነት ይመስላል። መንገድ ላይ ሲፈተን ግን ይላላል።

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር፣ ከኬርንስ ከተማ ተነሥቶ እስከ ኬፕ ትሪቢውሌሽን የሚዘልቀው 140 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ደርሶ ማታ ሊመለስ ይችላል። በቀኙ ባሕሩ፣ በግራው ደን የለበሰው ተራራ አይለዩትም። ከገደሉና ከባሕሩ መካከል የተጋደመው አውራ ጎዳና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ የሠሩትም በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጡ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ መንገደኛው «ተፈጥሮ ምንኛ ታምራለች!» ብሎ የሚያደንቅበትን መስኮት የከፈተለት የእነዚያ ሥራ አጦች ክንድ ነው። አድናቆቱ ግን እነርሱን አይጨምርም።

በሞስማን ዙሪያ ሜዳው ሰፋ ይላል። እዚህ ያለው አረንጓዴ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ ደን ተመንጥሮ የበቀለ አረንጓዴ። የኩዊንስላንድ የስኳር እርሻ የቆመው በማን ጉልበት እንደሆነ ታሪክ መዝግቦታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1863 እስከ 1904 ድረስ 62,000 ያህል የፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች፣ ብዙዎቹ በማታለል ወይም በግድ፣ ወደዚያች ምድር ተጭነዋል። ይህን ያላወቀ ዐይን ለአገዳውም ለደኑም አንድ ዓይነት ምስጋና ይቸራል።

ከሞስማን በኋላ የዴይንትሪ ወንዝ ይመጣል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን፣ የተሰየመለት ሪቻርድ ዴይንትሪ የሥነ ምድር ሊቅና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ወንዙ በስሙ ሲጠራ እርሱ ለንደን ውስጥ የኩዊንስላንድ ወኪል ሆኖ ይሠራ ነበር። አዞ በሚኖርበት በዚህ ውኃ ላይ፣ መኪኖች በሚሻገሩበት ስፍራ፣ ድልድይ የለም። መኪኖቹ ተሰልፈው፣ ተራ ጠብቀው፣ በገመድ እየተሳበ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ይወጣሉ። ድልድይ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ክርክር ለአሠርት ዓመታት ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። አንዱ ወገን፣ ድልድይ ቢሠራ የመኪናው ጎርፍ ደኑን ይጨርሰዋል ይላል። በእርግጥም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያለው ቆላማ ደን ከ1,000 በላይ በሚሆኑ የመኖሪያ ቦታዎች ተሸንሽኖ ለሽያጭ ቀርቦ ነበርና ስጋቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ከማዶ የሚኖርም ሰው አለ። ሌሊት ልጁ ለታመመበት አባት የጀልባው ዝግታ ግጥም አይደለም። ለጎብኚው የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት የሆነው ነገር ለእርሱ የዕድሜ ልክ ግብር ነው። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ከማዶ ደኑ መንገዱን ከላይ ይገጥመዋል። መንገደኛው የሚያየው አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በዚሁ አካባቢ ከብቶች ተመርዘው ሲሞቱ ሆዳቸው ውስጥ ትልልቅ ዘሮች ተገኙ፤ ጠፍቷል ተብሎ የነበረው፣ የዘር ሐረጉ ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደኋላ የሚመዘዝ ዛፍ በዚህ ምክንያት እንደገና ታወቀ። ካሶዋሪ የተባለችው፣ እንደ ሰጎን መብረር የማትችለው ግዙፍ ወፍም የዛፎቹን ፍሬ ሳትሰብር ውጣ ዘሩን በኩሷ ትዘራለች። ደኑ የወፏ ምግብ ብቻ ሳይሆን የወፏ ሥራ ጭምር ነው። ይህችን ዘሪ ከሚገድሏት ነገሮች አንዱ ደኑን ለማየት የሚፈጥን መኪና ነው። በዚያ መንገድ ዳር አንድ የታወቀ ምልክት አለ። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታን የሚያመለክተውን ሥዕል አንድ እጅ ጥቂት ቀለም ጨምሮበት የወደቀች ካሶዋሪ አድርጎታል፤ ከአጠገቡ ደግሞ የቆመች ካሶዋሪ አለች፤ ቃሉም «በፊት» እና «በኋላ» ብቻ ነው። ኪነ ጥበብ ለኅብረተሰብ ምን ይጠቅማል እያሉ ለሚከራከሩ ሰዎች ይህ ቆርቆሮ ከብዙ ጉባኤ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

የጉዞው መጨረሻ ደን ከባሕር የሚገናኝበት፣ ወደ ውኃው የገባው የምድር ጫፍ ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚህ ሲያልፍ መርከቡ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላተመች፤ ከዚህም የተነሣ ስፍራውን የመከራ ጫፍ አለው። በዘመናት ሲኖሩበት የቆዩት የኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ኩልኪ ይሉታል። አላፊው የራሱን ክፉ ሌሊት በሰው አገር ላይ ጽፎ ሄደ፤ ካርታውም እርሱን ሰማ።

ከጫፉ ወደ ሰሜን፣ እስከ ብሉምፊልድ ወንዝ የሚደርስ መንገድ ለመጥረግ ቡልዶዘሮች የገቡት በ1983 መጨረሻ ነበር። ተቃዋሚዎች እስከ አንገታቸው በአፈር ተቀብረው፣ ከዛፍ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝተው ሊያግዷቸው ሞከሩ። ከተቆረጠው ዳገት በዝናብ የሚታጠበው አፈር ብርሃን የሚሻውን ኮራል ያፍነዋል ብለውም አስጠነቀቁ። መንገዱ በ1984 ተጠርጎ አለቀ። ይሁን እንጂ ደኑን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች በጋዜጣና በቴሌቪዥን አይተው ተቆጡ፤ በ1988 ደኑ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ማየት ከዕዳ ነጻ ነው የሚለውን አባባል የሚያፈርሰው ይህ ነው። አይተው የተቆጡት ሰዎች ማየታቸውን እንደ ግዴታ ቆጥረውት ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2021 የዴይንትሪ ብሔራዊ ፓርክን ጨምሮ ከ160,000 ሄክታር በላይ መሬት ለምሥራቃዊ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ተመለሰ፤ አስተዳደሩም ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጋር በጋራ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገደኛው በሕግም እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ወግ አለው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ የባለቤቱን ስም ይጠራል።

በዲሴምበር 2023 ጃስፐር የተባለው አውሎ ነፋስ ያወረደው ዝናብ ተራራውን ናደው። አውራ ጎዳናው ተቆረጠ፤ ከወንዙ ማዶ ያለውም መንገድ በናዳ ተዘጋ፤ በብሉምፊልድ ወንዝ ዳር ያለችው የዉጃል ዉጃል መንደር ሕዝብ በሄሊኮፕተር ወጣ። ጎብኚ በሌለበት በዚያ ወቅት ካሶዋሪዋን የሚገጭ መኪና አልነበረም፤ ከጎብኚ ገንዘብ የሚተዳደረው ነዋሪም ገቢው ደረቀ። መንገዱ ተጠግኖ ሲከፈት መኪኖቹ በወንዙ ዳር እንደገና ተሰለፉ።